ተቀባይ

እህቴ በሞተችበት ዓመት ከበሮ ገዛሁ። የእኛን ከበሮ አይደለም፤ ጄምቤ የሚሉትን፣ ምዕራብ አፍሪካዎች በጉልበታቸው መሐል አቁመው በባዶ እጅ የሚመቱትን። ከዴንቨር ሊለቅ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ከአሮጌ ሶፋው አጠገብ አስቀምጦት አየሁት። ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት። የእኛን ከበሮ ግን መንካት አልቻልኩም፤ እሱ የእህቴ ነው።

አገር ቤት ሠርግ ሲኖር እሷ ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ዘፈኑም ምቱም እንደዚያው ነበር፤ እሷ ትጀምራለች፣ እኔ ከኋላ እገባለሁ። በዕድሜዬ አንድ ዘፈን እንኳ አውጥቼ አላውቅም። ቀብሯን በስልክ ነው ያየሁት፤ ስልኩን የያዘው ሰው ከጃንጥላ በቀር ምንም አላሳየኝም። ዴንቨር ዳር ባለችው በአውሮራ የሚኖረው የአገሬ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ አስተዛዘነኝ፣ እግዜር ይስጠው። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ፣ እኔም ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። አየር ማረፊያ ሰው እያመላለስኩ ነው የምኖረው።

ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ስመታ ጎበዝ ነበርኩ፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን መደብደብ እስኪጀምር ድረስ። የምኖርበት ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያሉት አፓርታማዎች ግድግዳቸው ወረቀት ነው። የሚያጅበኝ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። ዴንቨር አንድ የከበሮ ትምህርት ሞከርኩ፤ ሁሉም ፈገግ እንዳለ ነው፣ ብሳሳትም ባልሳሳትም "ዋው!" ይሉኛል። ተናድጄ ወጣሁ። ሐዘንተኛ ሰው "ዋው" አይባልም። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ በሠርግ ከበሮ የታወቁ አንዲት እናት አገኘሁና ደፈር ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ልጄ፣ ጥቁር ለብሰሽ ከበሮ?" አሉኝ። "ሰው ምን ይላል?"

"ሰውማ ምን ሥራ አለው፣ ይላል እንጂ።"

ቀና ብለው አዩኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። እውነታቸውን እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አናደዱኝ።

ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ሰፊ ፓርኪንግ አየር ማረፊያው አጠገብ አለ። እዚያ መኪናችንን ደርድረን የታክሲው አፕ በየተራችን እስኪጠራን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልችት ብሎኝ የመኪናዬን የኋላ በር ከፍቼ መምታት ጀመርኩ። የእኛ አገር ልጆች ከመኪናቸው ብቅ ብለው "እቴ፣ ዛርሽ ተነሳ እንዴ?" እያሉ ሳቁብኝ። በዚህ መሐል ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ መጡ። የጊኒ ሰው ናቸው፣ እንደኛው ሾፌር። በእንግሊዝኛ ስናወራ "ዩ" ከማለት ሌላ ምርጫ የለኝም እንጂ በልቤ እርስዎ ነበር የምላቸው። እሳቸው ደግሞ "ሲስተር" ይሉኛል።

"ሲስተር፣ እኛ አገር ሴት ይኼን አትመታም፣" አሉኝ።

"እኛ አገር ደግሞ የሠርግ ከበሮ የሴት ነው።"

ሳቁ። ከበሮውን ከጉልበቴ መሐል ወስደው እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ። በሌላ ቀን አንድ የማሊ ሾፌር ጓደኛቸውን ይዘው መጡ፤ እሱ በዱላ የሚመታውን ትልቁን ከበሮ፣ ዱንዱን የሚሉትን አመጣ። እንዲህ እያልን ሦስት ሆንን።

ዱንዱኑ የምቱን መሠረት ይይዛል፤ ሽማግሌው ይመራሉ፤ የእኔ ድርሻ መሐል ላይ የምትገባው ምት ነበረች፣ ብቻዋን ስትሰማ ምንም የማትል። መጀመሪያውንም ማብቂያውንም በምት የሚያስታውቁት መሪው ናቸው። እሳቸው ካልዘጉት አይዘጋም። እኛ ግን አንድ ቀንም እስከ መዝጊያው ደርሰን አናውቅም፤ ልክ ሲሞቅልን የአንዳችን ስልክ ይጮኻል፣ "ትሪፕ መጣልኝ!" ብሎ ይሮጣል። እኔ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መምታት ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ያ ከሆነ የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ የሚነሳልኝ ይመስለኝ ነበር።

ሌላው ችግር እኔው ነበርኩ። ሁልጊዜ ዘግይቼ ነው የምገባው። እሳቸው ጀምረው፣ ዱንዱኑ ገብቶ፣ እኔ እጄን አንስቼ እንደቆምኩ እቀራለሁ።

"ሲስተር፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?" አሉኝ አንድ ቀን።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ከዚያ ነገርኳቸው፦ ሁሌ የምታወጣው እህቴ እንደነበረች፣ እጄ እሷ እስክትጀምር እንደሚጠብቅ፣ እሷ ደግሞ እንደሌለች።  ስጨርስ፣ "እንግዲህ እኔን ጠብቂ፣" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔ መግቢያ ሲደርስ ዓይኔን እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቁልኝ ነበር። አንዴ እንኳ እስከ መዝጊያው እንድንደርስ ሰኞ ሦስታችንም ሥራ ላንገባ፣ ስልካችንን ዘግተን አውሮራ አንድ ፓርክ ውስጥ ልንገናኝ ተቀጣጠርን።

ከሰኞው በፊት ባለው ዓርብ ተራዬ ከእሳቸው ቀጥሎ ነበር። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው፣ ቆባቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ተኝተዋል። ስልካቸው ሲጠራ በተከፈተው መስኮት ተሰማኝ። አላነሱትም። የመኪናዬን ጡሩምባ ነፋሁላቸው፤ አልተነሱም። ስኳር ስላለባቸው ድካም ያበዛሉ፣ እንዲህ መተኛትም ልማዳቸው ነው። ይረፉ ብዬ ተውኳቸው። ጥሪው እሳቸውን አልፎ ወደ እኔ መጣና ተቀበልኩ።

ተሳፋሪዬን ቶርንተን የምትባል ከተማ አደረስኩት። መንገዱን ሙሉ ድርሻዬን የመኪናው መሪ ላይ በጣቴ እየመታሁ ነበር። "ደስ ብሎሻል ዛሬ፣" አለኝ ከኋላ። አዎ፣ ሰኞ ቀጠሮ አለኝ አልኩት። እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር።

ስመለስ አምቡላንስ መጥቶ ሽማግሌውን ይዟቸው ሄዷል። የማሊው ሰው ነጩን ቆብ በሁለት እጁ ይዞ ባዶው መኪናቸው አጠገብ ቆሟል። ስልካቸው ከመጥራቱ በፊት ነው የሞቱት አለኝ። ልቤ እንዲያርፍ ብሎ ይሁን እውነት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የእኔ ጡሩምባ ጆሯቸው ደርሶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። በማግስቱ እንደ ሃይማኖታቸው ቶሎ ተቀበሩ። ከበሮ አልነበረም፤ ሴቶቹ ጋ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁ።

ሰኞ ፓርኩ ሄድኩ። የማሊው ሰው ይመጣል ብዬ አልነበረም፤ ግን ዱንዱኑን ይዞ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ስልካችንን ዘጋን።  ዱላውን አነሳና ጀመረ፣ እኔም ገባሁ።

"ዛሬ አልዘገየሽም፣" አለኝ።

 የሚጠራን ስልክ የለም፣ የሚያቋርጠን የለም፣ ለአንድ ቀን የፈለግሁት ሁሉ ተሟልቷል። መታን፣ መታን፤ ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ቆመው አይተውን አለፉ። መዳፌ አበጠ፣ ከዚያ ሕመሙም አልተሰማኝም። በመጨረሻ እሱ ደከመውና ዱላውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ፣ እጄንም ሊይዘኝ እጁን ዘረጋ። እኔ ማቆም አልቻልኩም። መዝጊያውን እየጠበቅሁ ነበር።