ኮምፓይል እስኪያልቅ

«ትዕግስት አለሽ?» አለችኝ አለቃዬ፣ ለቃለ መጠይቅ የገባሁ ቀን። ስለ ፕሮግራም አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ከተመረቅኩ ገና ስድስት ወሬ ነበር፣ ሥራ የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም፤ ጨዋ መስዬ ፈገግ አልኩ። እሷ እንደ አዎ ቆጠረችውና የሦስት ወር ሙከራ ሰጠችኝ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ቅጽ ይሞላል፤ ወይ እቀጠራለሁ፣ ወይ እናቴ ሶፋ ላይ እመለሳለሁ።

ቢሮው ድሬ፣ መጋላ ገበያ መግቢያ ላይ ካለ ጨርቅ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ዕቃ ከጉምሩክ ለሚያስወጡ ትራንዚተሮች ሰነድ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም እንሠራለን፤ አለቃዬ፣ ጋሼና እኔ። ጋሼ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ የጻፉት ሰውዬ ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ። የኔን ቅጽ የሚሞሉትም እሳቸው ናቸው። አራተኛው ባልደረባችን ጥግ ላይ እንደ ጄኔሬተር የሚጮኸው አሮጌ ሰርቨር ነው። የጻፍነው ሁሉ ደንበኛ ጋ ከመሄዱ በፊት እሱ ላይ ኮምፓይል ይደረጋል፤ ማለትም ማሽን ወደሚገባው ነገር ይቀየራል። አንድ ፊደል ብትነኩ እንኳን ሁሉንም እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ሦስት ሰዓት በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። ድሬ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውጪ የሚታይ ሰው የለም። ሱቁ ይዘጋል፣ ሽርጥ ይታጠቃል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ የሚተኛው ይተኛል። ጋሼ ልክ ስድስት ሲሆን ኮምፓይሉን አስነስተው ቦርሳቸውን ያነሳሉ። «አቦ እሱ ይሥራ፣ እኛ ምን አገባን» ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲመለሱ አልቋል። ማሽኑና ምሳው እንዲህ ተስማምተው ስንት ዓመት ኖረዋል። እኔ ነኝ መሀላቸው የገባሁት።

አንድ ቀን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ አንድ ትራንዚተር ደወለ። መኪናው ጉምሩክ በር ላይ ቆሟል፣ ፕሮግራማችን ሰነዱን አልቀበልም ብሏል። ስህተቱን በአስር ደቂቃ አገኘሁት፣ አንድ መስመር ነው። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩና ዘጠኝ ሰዓት ይደርስልሃል በይው አሉኝ። አልኩት። ሰውየው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ መለሰልኝ። ሶማልኛው ብዙም አልገባኝም፣ ቁጣው ግን ገብቶኛል።

የዛን ቀን ምሳ አልሄድኩም። ማሽኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን እንደሚሠራ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። ሁለት ፕሮሰሰር አለው፣ እያንዳንዱ ውስጥ አራት ኮር፤ ስምንት ሠራተኛ በሉት። አንዱ ላቡን ጠብ እያደረገ ይሠራል፣ ሰባቱ ተኝተዋል። ስምንት ባጃጅ ተሰልፎ፣ ተራ አስከባሪው አንደኛው ሰው አድርሶ እስኪመለስ ሌላው እንዳይነቃነቅ እንዳለው ማለት ነው። ማሽኑም ድሬን ለምዷል።

በማግስቱ ስምንቱንም ቀሰቀስኳቸው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ በስህተት ተሞላ። ለካ የትኛው ፋይል ከየትኛው በፊት መሠራት እንዳለበት የትም አልተጻፈም። አንድ ሠራተኛ ተራ በተራ ሲሄድ በደህና ያልፋል፣ ስምንቱ አንዴ ሲነሱ ግን አንዱ ግድግዳው ሳይቆም ጣሪያ ይመታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ ፈጢራ በአንድ እጄ ይዤ፣ ይሄ ፋይል ያንን ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ይሄንን፣ እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። ጨረስኩና እንደገና ስምንቱንም አስነሳሁ። የማሽኑ ሚሞሪ ሞላ፣ ጩኸቱ ጨመረ፣ ጋለ፣ ከዛ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ጋሼ ከምሳ ሲመለሱ ማሽኑ እንደጠፋ ነው፣ እኔም አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«አላልኩሽም?» አሉኝ።

ምንም አላሉኝም ነበር። ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ከዓመታት በፊት እሳቸውም ስምንቱን ሞክረዋል፤ በግንቦት ሙቀት ማሽኑ ጠፍቶ የሳምንት ሥራ ይዞባቸው ሄዷል። ከዛ ወዲህ አንድ ሠራተኛ ብቻ፣ አለቀ። ሰነፍ ናቸው ብዬ የፈረድኩባቸው ሰውዬ ፈርተው ነው። አፈርኩ። ትንሽ።

ማፈሩ ሲያልፍልኝ ብሎን መፍቻ ፈልጌ ሽፋኑን ፈታሁት። ደቻቱ ወንዝ አሸዋውን ግማሹን እዚህ ነው ለካ የሚያስቀምጠው። ማራገቢያዎቹ መዞራቸው ራሱ ተአምር ነው። በቀለም ብሩሽ ጠራረግኩት። ሚሞሪው ለስምንት እንደማይበቃ ስለገባኝ ሠራተኞቹን አምስት አደረግኳቸው፤ ስምንት ሆነው ከሚሻሙ አምስት ሆነው ይፈጥናሉ። ያልተነካ ፋይል ሁለተኛ እንዳይሠራ ደግሞ የበፊቱን ውጤት እንዲያስቀምጥ አደረግኩት። በሚቀጥለው ቀን አንድ መስመር አስተካክለን ጋሼ ስድስት ሰዓት ላይ አስነሱት። ቦርሳቸው ውስጥ መነጽራቸውን ሲፈልጉ አለቀ። አራት ደቂቃ።

ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «አሁን ምሳ ስንሄድ ምን እየተሠራ ነው ልንል ነው?» አሉኝ።

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ትራንዚተሮቹ ግን አሰቡበት። ወሬው ደርሷቸው ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድሬ በሙሉ ጋደም ባለበት፣ የጋሼ ስልክ መጮህ ጀመረ። አለቃዬም አሁንስ ምን ምክንያት አላችሁ ማለት አመጣች። ጋሼ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ መለሱ። የኔ ቅጽ ደግሞ መሳቢያቸው ውስጥ ነው። እናቴ ሶፋ ላይ የምተኛበትን ጎን ሁሉ መምረጥ ጀምሬ ነበር።

ሦስቱ ወር ያለቀ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አለቃዬ ሁለታችንንም ጠራችን። ቅጹን ጮክ ብላ አነበበች። «ሥራ ታውቃለች። ማሽኑን ከነአሸዋው ታውቀዋለች። ትዕግስት የላትም።» ቀና ብላ ጋሼን አየቻቸው። እሳቸው በር ላይ ናቸው፣ ቦርሳቸው ትከሻቸው ላይ።

«ፈርሚላት እንጂ አቦ፣ ምሳ ሰዓቱ እየሄደ ነው። የቀረችን ምሳችን ብቻ ነች» አሉ።

ፈረመች። እስክሪብቶዋን ከደነችና፣ ጋሼ ደረጃውን እየወረዱ ሳለ፣ የቃለ መጠይቁን ቀን ጥያቄ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ትዕግስት አለሽ? አሁን ግን ቅጹ ተፈርሟል፣ ፈገግ ብሎ ማለፍ ምን ይጠቅመኛል።

«የለኝም» አልኳት። «ቢኖረኝ ኖሮ እስካሁን እየጠበቅን ነበር።»