ኢሪ ሐይቅ ላይ ነፋሱ እስኪዞር

ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን የታጠብኩት በሳሙና አይደለም። መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ፣ ክብ፣ ኮኮናት ኮኮናት የሚሸት ነገር አገኘሁና «ልጄ አዲስ ሳሙና ገዝታልኛለች» ብዬ መርቄያት አናቴን ፈተግኩበት። አረፋ የለም። ውድ ሳሙና እንዲህ ነው ብዬ አሁንም ፈተግኩ። አረፋ የለም። ውሃ ባፈሰስኩ ቁጥር የተረፈችኝ ፀጉር እርስ በርሷ እየተያያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። ይኼኔ ልጄ ሀያት በሩን አንኳኳች።

«አባዬ፣ ዋክሴን አይተኸዋል? ነጭ ነው፣ ክብ።»

ዋክስ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ማዕበል ላይ በቦርድ ቆመው የሚንሸራተቱ ሰዎች እግራቸው እንዳይከዳቸው ቦርዱ ላይ የሚለቀልቁት ሰም ነው። ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሠራው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ያጣብቃል።

«አይቼዋለሁ» አልኳት። «ጥሩ ዕቃ ነው፤ በደንብ ይይዛል።»

በሩን ስከፍትላት አይታኝ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰሙ ላይ ሦስት አራት ነጭ ፀጉሮች ተሰክተዋል። በሙቅ ውሃ ሞከርን፣ በምግብ ዘይት ሞከርን፣ ሰዓቱ ሄደብን። በመጨረሻ የሹራብ ቆቤን ደፋሁበትና ወጣሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።

አሁን ወዴት እንደምንሄድ ልንገራችሁ። «ኦሃዮ ውስጥ ምን ማዕበል አለ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ቢነዳ ግን ኢሪ ሐይቅ አለ። ባሕር በሉት፣ ማዶው አይታይም። በክረምት የሰሜን ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋው ያድርና ጠዋት ላይ ከሰው የሚበልጥ ማዕበል ያወጣል። ሀያት ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ዕረፍቷን የምታሳልፈው እዚያ ውሃ ላይ ነበር። ነበር የምለው ባለፈው ክረምት የአፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ በረዶ አንሸራትቷት ቀኝ ትከሻዋን ስለሰበረች ነው። ኦፕሬሽን ሆነች፣ ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰች። ሐኪሙ «ድነሻል» ካላት ሁለት ወር አልፎታል። እሷ ግን ትከሻዋን አታምነውም። ቦርዷን ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ አወጣችው፤ አንድ የዌስተርቪል ሰው ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ተስማማ።

እኔ ደግሞ ተዋዋልኳት። «አንድ ቀን ስጪኝ። ገብተሽ መቆም ካቃተሽ ቅዳሜ ቦርዱን ራሴ ተሸክሜ ሰውዬው መኪና ላይ እጭንልሻለሁ። ከቆምሽ ግን አይሸጥም።» ቀኑን የምመርጠው እኔ ነኝ። እሷ ቤት በዋለችባቸው ወራት ሥራ ያጣ ሽማግሌ ምን ያደርጋል፣ የሐይቁን አየር ትንበያ ማንበብ ተማርኩ፤ የነፋሱን ፍጥነት፣ የማዕበሉን ከፍታ፣ በአንዱና በሌላው መካከል ያለውን ሰከንድ። የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከውሃው አጠገብ አድጌ ዋና አልችልም። ለመተንበይ ግን መዋኘት አያስፈልግም።

ንጋት 12 ሰዓት፣ ሰፈራችን ዋይትሆል

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሀያት በእነሱ ትቆጥራለች፣ እስካሁን ተግባብተናል። ባለቤቴ ዘሀራ ቋንጣ ፍርፍር በፎይል ጠቅልላ ሰጠችኝና በር ላይ ያዘችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ውሃ ቢወስዳት ተመልሰህ እዚህ በር እንዳትመጣ።»

«እኔን ቢወስደኝስ?»

«አንተማ ትንሳፈፋለህ፤ ባዶ ነህ።»

ቦርዱን መኪናው ጣራ ላይ አሠርን። የዛሬው ትንበያዬ ይኸውላችሁ፦ የሰሜን ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስ አድሯል፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይደክማል፤ 5 ሰዓት ላይ ዞሮ ከደቡብ፣ ከየብስ በኩል ለስለስ ብሎ ይመጣል። የምንሄድበት ቦታ መሬቱ እንደ አፍንጫ ሐይቁ ውስጥ የገባበት ነው። ማዕበሉ የአፍንጫውን ጫፍ ሲነካ ይታጠፍና በዳርቻው በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተገለበጠ ይሄዳል። የሰሜኑ ነፋስ እየነፈሰ ውሃው ዝብርቅርቅ ነው። የደቡቡ ሲመጣ ግን የማዕበሉን ፊት እንደ ማበጠሪያ ያስተካክለዋል። ሐይቅ እንደ ውቅያኖስ ስላልሆነ ቶሎ ይተኛል፤ ያ ጥሩ ሁኔታ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ሀያት በእኔ ቃል ዛሬ ከጓደኛዋ ሺፍት ተቀያይራለች፤ ምሽት 1 ሰዓት ሥራ ትገባለች። እኔ ከተሳሳትኩ ሌላ ቀን የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብርዱ ዳርቻውን በረዶ ያስይዘዋል።

1 ሰዓት ከሩብ፣ ማንስፊልድ አካባቢ

ቤንዚን ልንቀዳ ቆምን። ጋሎኑ ሦስት ዶላር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም ቀርቶታል፤ ቡናው ሁለት ዶላር ከሰማንያ፣ ያውም ራስህ ቀድተህ። መንገዱ ዳርና ዳር የታጨደ የበቆሎ ማሳ ነው፤ የአገዳው ጉቶ ላይ ስስ በረዶ ተኝቷል። የነዳጅ ማደያው ባንዲራ ወደ ደቡብ ተወጥሮ ይርገበገባል፤ የሰሜኑ ነፋስ እንደ ትንበያዬ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ገንዘብ ተቀባይዋን «ባንዲራችሁን አየሽው? በጣም ቆንጆ ነው!» አልኳት። አገር ወዳድ መስያት በአክብሮት አመሰገነችኝ።

ሀያት ከተነሳን ጀምሮ ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ እያሸች ነው።

«ያምሻል?»

«ኖ። አይ ጀስት... አላውቅም አባዬ። ውሃው ውስጥ ቢከዳኝስ?»

«ትመጫለሽ፤ ሻይ ይዣለሁ።»

ይህን ብዬ ማሞቂያውን ጨመርኩላት።

2 ሰዓት ከአርባ፣ ሐይቁ ዳር

ደረስን። ያየሁት ነገር ትንበያ ላይ የለም። ሐይቁ ቡናማ ሆኖ ይፈላል፤ ማዕበሉ ከግራም ከቀኝም እየመጣ እርስ በርሱ ይጋጫል። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ፓርኪንጉ ውስጥ የአንድ ሰውዬ ባርኔጣ በርራ ስትሄድ አየሁ፤ የእኔን ቆብ ግን ምድራዊ ኃይል አያነቃንቃትም፤ ሰሙ በብርዱ ጠንክሮ ከአናቴ ጋር አንድ አድርጓታል።

ባርኔጣው የበረረበት ሰው ዳግ ይባላል። ስድሳዎቹን የያዘ፣ ጢሙ ላይ በረዶ የተንጠለጠለ፣ ሃያ ዓመት እዚሁ ሐይቅ ላይ በቦርድ የተንሸራተተ ሰው ነው። ወፍራሙን የላስቲክ ልብሱን ከነጓንቱ ለብሶ ፒካፑ ጀርባ ላይ ተቀምጧል።

«ነፋሱ 5 ሰዓት ላይ ይዞራል» አልኩት።

«ማን አለ?»

«እኔ።»

ከእግሬ እስከ ቆቤ አየኝ። «ሰውዬ፣ ዛሬ ከምሽት በፊት አይዞርም። እኔ የመጣሁት ቤት ከምቀመጥ ብዬ ነው።»

ሀያት ሰምታዋለች። ቦርዱን አወረደችና ዋክሱን መቀባት ጀመረች።

«አባዬ፣ ቦርዴ ላይ ፀጉርህ አለ።»

«ይሻላል፤ አያንሸራትትም።»

ትንሽ ሳቀች። ከቤት ከወጣን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

5 ሰዓት

ነፋሱ አልዞረም። ስልኬን በየሁለት ደቂቃው አየዋለሁ፤ ስልኩ «ደቡብ» ይላል፣ ፊቴ ላይ የሚመጣው ሰሜን ነው። 5 ሰዓት ከሩብ። 5 ሰዓት ተኩል። ሀያት የላስቲክ ልብሷን እንደለበሰች መኪና ውስጥ ተቀምጣ እጆቿን ማሞቂያው ላይ ዘርግታለች።

«አባዬ፣ ኢትስ ኦኬ። እንሂድ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

እንደዚህ ለስለስ ብላ ስትናገረኝ ነው የምፈራት። ብትቆጣኝ እከራከራት ነበር። የተሰማት ዕፎይታ እንደሆነ ገባኝ፤ ውሃው ካልሆነ ትከሻዋን መፈተን አይኖርባትም፤ ቅዳሜ ቦርዱ ይሄዳል፣ ነገሩ ያበቃል።

«ግማሽ ሰዓት» አልኳት። «ግማሽ ሰዓት ብቻ። ከዚያ ራሴ አሥሬው እንሄዳለን።»

ወርጄ በንዴት የዘሀራን ፍርፍር ፈታሁ። ብቻዬን መብላት ስላልሆነልኝ ወደ ዳግ ሄድኩ። ፎይሉን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ግን ጓንቱን አነሳና አሳየኝ፤ እንደ ሸርጣን መዳፍ ነው፣ ምንም አይዝም፤ ለማውለቅ አምስት ደቂቃ፣ መልሶ ለመልበስ አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

«አፍህን ክፈት» አልኩት።

«ምን?»

«ክፈት፤ ባህላችን ነው።»

ከፈተ። ደህና አድርጌ ጠቅልዬ አጎረስኩት። አኘከ፤ ከዚያ በርበሬው ደረሰበትና ከዓይኑ እንባ፣ ከጢሙ የቀለጠ በረዶ አብረው ወረዱ።

«ይሄ» አለ ትንፋሹን እየሳበ፣ «ከልብሱ የበለጠ ያሞቃል።»

«ቆይ፣ አልጨረስንም። በእኛ ዘንድ አንዱን ብቻ አጉርሶ መተው ነውር ነው። ሁለተኛው አለ።»

ሁለተኛውን እየጠቀለልኩ ቀና አልኩ። አሸዋው ላይ መቶ የሚሆኑ የሐይቅ ወፎች፣ ነጫጭ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሎምበስ ኤርፖርት የመንገደኛ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ከዚያ ሥራ የቀረኝ እውቀት አንድ ነው፦ ክንፍ ያለው ነገር ሁሉ ነፋስን በፊቱ ነው የሚቀበለው። አውሮፕላኖቹ በሌላው አቅጣጫ ማረፍ ከጀመሩ ነፋሱ ዞሯል ማለት ነው፤ የአየር ጠባዩን ከሬዲዮ በፊት ከእነሱ እናውቅ ነበር። እና አሁን ጠርዝ ላይ ያለችው አንዷ ወፍ ተነሳች፣ ዞረች፣ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ቆመች። ቀጥሎ ሁለት። ቀጥሎ አሥር። ከዚያ ሁሉም።

«ዞሩ!» ብዬ ጮህኩ። «ዞሩ! ሀያት! ወፎቹ ዞሩ!»

ዳግ ወፎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ውሃውን አየ። አፉ ውስጥ ያለውን ሳይጨርስ ቦርዱን ብድግ አድርጎ ሮጠ። ሀያት ከመኪናው ወጥታ ቆማ ቀረች። የደቡቡ ነፋስ ጀርባዬን ሲነካው ተሰማኝ፤ ለስለስ ያለ። ከአፍንጫው ጫፍ ላይ የመጀመሪያው የተስተካከለ ማዕበል ታጠፈ፤ ፊቱ እንደ መስታወት ሆኖ ሳይሰበር ዳርቻውን ይዞ መጣ። በሕይወቴ እንዲህ የሚያምር ውሃ አላየሁም።

«ኦ ማይ ጎድ» አለች ሀያት፣ ቀስ ብላ። ቦርዷን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ገባች።

6 ሰዓት ሊሆን ሲል

እየቀዘፈች ወጣች። ቀኝ እጇን ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ይሠራል። የመጀመሪያው ማዕበል መጣ፣ ልትነሳ ስትል ቀኝ ክንዷ ታጠፈ፤ በፊቷ ተደፋች፤ ቦርዱ ወደ ሰማይ ወጣ፣ እሷ ጠፋች።

ሮጥኩ። ዋና የማይችል ሰው ወዴት እንደሚሮጥ አትጠይቁኝ። ውሃው ጫማዬን አልፎ ጉልበቴ ሲደርስ ከማዶ ራሷ ብቅ አለ። ቀኝ እጇን ከውሃው አውጥታ ወደ ላይ ዘረጋችው፤ እስከ መጨረሻው፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ለወራት «ትንሽ ጨምሪ» ስትላት ከደረሰችበት በላይ።

«ደህና ነኝ!» ብላ ጮኸች። በአማርኛ ነው የጮኸችው።

ቡጢዬን ስፈታ ሁለተኛው ጉርሻ ውስጡ ተጨፍልቆ አገኘሁት። ለወፎቹ ወረወርኩላቸው፤ ይገባቸዋል።

ሁለተኛውን ማዕበል አሳለፈችው። ሦስተኛው ሲመጣ ከጎኗ ያለው ዳግ ማዕበሉን ለእሷ ትቶላት «ሂጂ! ሂጂ!» ሲል ከዳር ሰማሁት። ሁለት ጊዜ ቀዘፈች፣ እጆቿን ተጫነች፣ ትከሻው ያዘ፤ ቆመች። ሀያት ቆመች! ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ከአፍንጫው ጫፍ ጀምራ፣ ድንጋዮቹን አልፋ፣ እኔን አልፋ፣ ወፎቹን አልፋ ሄደች። ወፎቹ እንኳ ተነሱላት። ቪዲዮ ስቀርጽ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስናየው ያለው የቀኝ ጫማዬ ነው፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ከላዩ ላይ «ያ አላህ! ያ አላህ!» ከሚል ድምፅ ጋር። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

መመለሻ

8 ሰዓት ላይ የግድ መነሳት ነበረብን። እስከዚያ ስንት ጊዜ እንደቆመች ከሰባተኛው ጊዜ በኋላ መቁጠር ትቻለሁ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። ማንስፊልድ ሳንደርስ ስልኳን አወጣችና ለዌስተርቪሉ ሰው ጻፈች። አንብቢልኝ አላልኳትም፤ ራሷ አነበበችልኝ፦ «ይቅርታ፣ ቦርዱ አይሸጥም።»

ቤት ስንደርስ ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ የልጇን ትከሻ፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበቴ የራሰውን ሱሪዬን አየች።

«አንተስ ምን ልታደርግ ገባህ?»

«ላድናት።»

ሀያት እየሳቀች ሥራዋ ሄደች።

ከጉዞው ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ትንበያዬ አንድ ሰዓት ያህል ስቷል። ነፋሱን ያወቅሁት ከስልኬ ሳይሆን ከድሮ ሥራዬ ነው። ልጄን ደግሞ ከሐኪሙም ከእኔም በላይ ያሳመናት ራሱ ውሃው ነው፤ የእኔ ድርሻ ግማሽ ሰዓት መለመን ብቻ ነበር። ለሽማግሌ አያንስም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ከፓርኪንጉ ስንወጣ ዳግ ገና ውሃው ላይ ነበር። መኪናችንን ሲያይ የሸርጣን ጓንቱን አንስቶ ወደ አፉ እያመላከተ አንድ ነገር ጮኸ። ነፋሱ ከእኛ ወደ እሱ ስለሚነፍስ ድምፁ አልደረሰንም፤ ግን መስማት አላስፈለገኝም። ያን ሰውዬ አንድ ጉርሻ አጉርሼ፣ ሁለተኛውን ለወፍ ሰጥቼ፣ ማዕበሉን ለልጄ የለቀቀላትን ሰው እንደዚያ ትቼው መጥቻለሁ። የዳግ አንድ ጉርሻ አለብኝ።