የጋሼ በቀለን ቃል ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርባት ትንሽ ከተማ ከቸስተርሚር የወጣሁት በአጎራባቹ ትልቅ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ክፍት ያደረጋቸውን ሁለት ንግግሮች ለመስማት ነው። አንዱ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት በዚህ አገር ስለነበሩት ነባር ሕዝቦች አመራር ነው፤ ሌላው ሥነ ጽሑፍ ለጠበቃ ምን እንደሚጠቅም። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነበረኝ። በምሠራበት ትንሽ የጠበቃ ቢሮ ለጋሼ በቀለ ያዘጋጀሁት፣ ከማመልከቻቸው ጋር የሚቀርብ የራሳቸው ቃል ነው። ጋሼ በቀለ ስካይቪው ራንች በሚባል ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ከእሷ ሳይለዩ እዚሁ አገር ለመቅረት ለኢሚግሬሽን የሚያቀርቡት ማመልከቻ ሰኞ ይገባል። አለቃዬ ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ ስላለችኝ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ የተረኩልኝን ቆርጬ ቆርጬ አሳጥሬዋለሁ። የሆነ ነገር ቅር ብሎኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሳድልታውን ባቡር ጣቢያ

መኪናዬን ጣቢያው ጋ ፓርክ አድርጌ ባቡር ያዝኩ። ዳውንታውን ወርጄ ቀየርኩ። የቦው ወንዝን ስንሻገር ዳር ዳሩ ገና በረዶ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲው ጣቢያ እስከ አዳራሹ ደግሞ ነፋሱ ፊቴን ሲገርፈኝ ነው የሄድኩት።

አራት ሰዓት

ከኋላ ሆኜ ዝም ብዬ መስማት ነው የምወደው፤ የኋላ ወንበሮች ስለሞሉ ግን ሳልወድ ፊት ተቀመጥኩ። ተናጋሪዋ ነጭ ፀጉራቸውን ሁለት ቦታ የጎነጎኑ የነባር ሕዝቦች አሮጊት ናቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ ሳላስበው ብድግ አልኩ። የተነሣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከኋላዬ ያሉት ግን የቦታው ሥርዓት መስሏቸው አንድ በአንድ ተነሡ፤ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። አሮጊቷ ቆም ብለው ይህን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። እናቴ መሆኗን ነገርኳቸው።

"ደግ አድርጋ አሳድጋሻለች" አሉኝ። "በይ አሁን ተቀመጪና እነዚህንም አስቀምጪልኝ።"

ንግግራቸውን ከአያታቸው ስም ጀመሩ። ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ከዚያ አያታቸው ወንዙን በክረምት ወዳቋረጡበት ቀን ሄዱ። ስለ አመራር አንድም ቃል ሳይናገሩ ሩብ ሰዓት አለፈ። አጠገቤ ያለው ወጣት ሰዓቱን ሲያይ አዩት።

"ከማን እንደመጣሁ ሳታውቅ፣ ቃሌን በምን ትመዝነዋለህ?" አሉት፤ ሳይቆጡ።

ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ስምንት ሰዓት

ከካፌው የምስር ሾርባ ጠጥቼ ወደ ሁለተኛው ንግግር ገባሁ። ፕሮፌሰሩ አንድ ገጽ ታሪክ አደለን። አንድ ገበሬ በወሰን ክርክር ዳኛ ፊት ቆሞ ስለ ሟች ወንድሙና አብረው ስለተከሉት ዛፍ ያወራል። ለጉዳዩ የማያስፈልገውን ሰርዙ ተባልን። መሰረዝ የቢሮ ሥራዬ ነው፤ ወንድሙንም ዛፉንም ሰርዤ ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ። የተረፈውን እንዳነብ ጠየቀኝና አነበብኩ።

"መሬቱ የእሱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ ቀረው?" አለኝ።

ዛፉ የተተከለው ወሰኑ ላይ ነበር። "ምንም አልቀረም፣ ሰርዤዋለሁ" አልኩ። ስህተቴን በሰው ፊት ጮክ ብዬ መናገሬ እኔንም ገረመኝ።

አሥር ሰዓት፣ ባቡር ላይ

ጋሼ በቀለ ዓይናቸው የጠፋ አባታቸውን አሥራ አራት ዓመት ቤታቸው ይዘው ጦረዋል። ከልጅ መለየት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው ይህ ታሪክ ነው፤ እኔ ደግሞ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብዬ አውጥቼዋለሁ። ይህንኑ ለአለቃዬ ጻፍኩላት፤ ሁለት ገጽ እንደማይበቃም ጨመርኩ። አለቃዬን ተቃውሜ አላውቅም። መልእክቱን እስክልከው ድረስ ሁለት ጣቢያ አለፈ። መልሷ አጭር ነበር፦ "አራት ገጽ ይሁን፣ ሰኞ ጠዋት ግን ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው።"

ከሳድልታውን በቀጥታ ወደ ስካይቪው ራንች ነዳሁ። ልጃቸው የሥራ ሺፍት ላይ ስለነበረች በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ሳልቀመጥ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ከነገሩኝ ውስጥ ቆርጬብዎት ነበር።"

"የቱን?"

"የአባትዎን።"

ሳቃቸው መጣ። "አይ አንቺ ልጅ፣ አባቴን ቆርጠሽ እኔን ከየት አመጣሽኝ?"

አብረን ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። ቸስተርሚር ስገባ ሐይቁ ላይ ገና ብርሃን ነበር። ለብዙ ጊዜ ዝምታዬን ሰው በደንብ ለመስማት የሚጠቅም አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ለካ የሰማሁትን ለሌላው ካላደረስኩ መስማቴ ብቻውን አይበቃም። ሰኞ የሚገባው ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ "እኔ በቀለ፣ የወልዴ ልጅ፣ አባቴን እጁን ይዤ እመራው ነበር።"