የባሌ ታርጋ

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ መርሳ ከተማ፣ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ባገባሁ በሦስተኛው ዓመት። ሌሎቹ ሴቶች መጀመሪያ የጻፉት ስማቸውን ነበር። ለእኔ ግን ከፊደሉ ቀድሞ የገባኝ ቁጥሩ ነው። ቁጥር እንደገባኝ ደግሞ በቃሌ ያጠናሁት የባሌን መኪና ታርጋ ነበር።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪናዋ የአንድ የወልድያ ነጋዴ ስትሆን፣ እሱ ከወረዳችን ከሐብሩ እህል ያወጣባታል፣ ከደሴ ሸቀጥ ያስገባባታል። መልከ መልካም ነው፤ ጨዋታ ያውቃል፤ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እኔ ደግሞ ቀናተኛ ነበርኩ። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ምን አስደበቀኝ። ቁጥር ሳላውቅ በፊት በአስፋልቱ የሚያልፍ ሰማያዊ የጭነት መኪና ሁሉ የእሱ እየመሰለኝ ከቤት እወጣ ነበር። ካወቅሁ ወዲህ ግን አልሳሳትም። አምስት ቁጥሮች ናቸው፤ የመጨረሻዋ ስምንት ናት። ከአውቶብስ የሚወርድ የማውቀው ሰው ካገኘሁ ሰላምታውን ሳልጨርስ «መኪናችንን የት አያችኋት?» እላለሁ።

አንድ ቀን ሽንኩርት የምትነግድ ጎረቤቴ ዓይኗን ከዓይኔ እያሸሸች «ግራና ከተማ ነው ያየኋት። አንዲት ፈት ሻይ ቤት አላት፣ ከእሷ ደጅ ቆማ» አለችኝ።

ያቺን ሴት አላውቃትም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ከባሌ ይልቅ እሷን ሳስብ ከረምኩ። ቁመቷን፣ ጥርሷን፣ ሻዩን ስትቀዳ እጇን እንዴት እንደምታደርግ ሳይቀር በልቤ ሳልኩት።

በግራና የገበያ ቀን ከገበያተኛ ጋር ፒካፕ ላይ ተጭኜ ሄድኩ። ሻይ ቤቱን ሰው ሳልጠይቅ አገኘሁት፤ መኪናዋ ደጁ ላይ ቆማለች። ታርጋዋ ጭቃ ለብሷል። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁትና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣቴ ነካኋቸው። ስምንቷ አለች። ከውስጥ ሳቁ ተሰማኝ።

አላንኳኳሁም። ምን ብዬ ላንኳኳ? ከማዶ ካለ ቁልቋል ጥግ ተቀምጬ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት እስከ ተሲያት የአስር አዛን ድረስ መኪናዋን ስጠብቅ ዋልኩ። ንቅንቅ አላለችም። ወደ ቤቴ የተመለስኩት ባዶ እጄን፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ነው።

ባሌ ማምሻውን መጥቶ ገና እጁን ሳይታጠብ ፖሊሶች ደጃችን ላይ ቆሙ። በዚያው ቀን፣ በዙሁርና በአስር ሶላት መካከል፣ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚመጣው መንገድ ላይ አንድ ሰማያዊ የጭነት መኪና ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ገጭቶ፣ ሳይቆም አምልጧል። ሰውየው እዚያው ሕይወቱ አልፏል። ያየ አንድ የመንገድ ሠራተኛ ታርጋውን አካፋው ላይ በድንጋይ ጭሮ ይዞታል። ቁጥሩ የእኛ መኪና ነበር።

«ከዙሁር በኋላ የት ነበርክ?» አለው ፖሊሱ።

ባሌ ወደ እኔ አየት አደረገ። «ወንዝ ዳር አቁሜ ተኝቼ ነበር» አለ።

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

የመኪናዋ ፊት ድሮም የተጨማደደ ነበርና እሱም ማስረጃ ሆነበት። ይዘውት ሄዱ። እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። አላህ ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ከተጋባን ወዲህ የት እንደሚያድር በእርግጥ ያወቅሁት ያን ቀን ነበር።

በማግሥቱ ምሳ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ዘበኛው ሳህኔን አይቶ «ምሳማ ደርሶታል እኮ» አለኝ።

«ማን አመጣለት?»

«አንዲት ሴት። ከግራና ነው የመጣሁት ያለች።»

ምግቡን እዚያው ለተቀመጠ ለማኝ ሰጠሁና ተመለስኩ። መናገር አስቤ ከነበረ እንኳ ያን ጊዜ ተውኩት። እሷ ታብላው፣ እሷው ታስፈታው አልኩ። ሦስት ቀን እንዲሁ ዝም አልኩ። ጎረቤቶች «አብሽሪ፣ አላህ ያወጣዋል» ሲሉኝ አሚን እያልኩ በልቤ «ይቆይበት» እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን እግሬ ወደ ጣቢያው ወሰደኝ፤ ደጁ ላይ የሟቹን ሚስት አየኋቸው። በዕድሜ የገፉ ናቸው። ማን እንደሆንኩ አያውቁም፣ እኔም ገና አላወቅኋቸውም፤ ጥላ ፍለጋ ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«አንቱስ ምን ሆነው መጡ?» አልኳቸው።

«ባሌን መኪና ገደለብኝ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ገዳዩ ተይዟል አሉኝ። ባይያዝ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አሁን ትንሽ ሸለብ ያደርገኛል።»

የእኒህን ሴት ባል የገደለው ሰው ይህን ጊዜ መሪውን ጨብጦ ከአንዱ አገር ሌላው አገር ይላል፤ እሳቸው ግን ገዳዩ ታስሯል ብለው ይተኛሉ። ተነሥቼ ወደ ጣቢያው አዛዥ፣ ወደ መቶ አለቃው ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ፣ መኪናዋ ያን ቀን ከዙሁር እስከ አስር ሶላት ግራና ቆማ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ግራና ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

ሁለት ሚሊሻዎች በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። «ባሌን ልሰልል» አልኩ። አንደኛው ሳቁን በእጁ አፈነ።

የመቶ አለቃው አልሳቀም። ወረቀት ሰጠኝና ታርጋውን አስጻፈኝ። ሳላመነታ ጻፍኩ። ከዚያ የመንገድ ሠራተኛውን ከነአካፋው አስጠራና «ስምንት ጻፍ» አለው። ጻፈ። «ሦስት ጻፍ» አለው። ጻፈ። ሁለቱም ጫፋቸው የገጠመ፣ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ጌታዬ፣ ትምህርቱን የጀመርኩት በቅርብ ነው። እነዚህ ሁለቱ ይምታቱብኛል» አለ።

የኬላው መዝገብ ሲታይ አራቱ ቁጥሮቿ ከእኛዋ ጋር አንድ፣ የመጨረሻዋ ብቻ ሦስት የሆነች ሰማያዊ መኪና በዚያው ቀን ወደ ደሴ አልፋለች። ደሴ ጋራዥ ውስጥ የፊት መብራቷን ልታስቀይር ቆማ ተገኘች። ሹፌሩ ብዙም ሳይከራከር አመነ።

ባሌ የሚፈታ ቀን የመቶ አለቃው ለብቻዬ ጠርቶ እንዲህ አለኝ፦ «አንዲት ሴት ገና በመጀመሪያው ቀን መጥታ ያልሽውን ብላን ነበር። እሱ ሌላ ስለተናገረ ልታድነው ነው ብለን አላመንናትም። አንቺ ጣውንቷ ስትመሰክሪ ግን ማን ይጠራጠራል?»

አድኜዋለሁ ብዬ ልቤ ትንሽ ሞቆ ነበር፤ በዚህ ቃል ቀዘቀዘ። እዚህም ላይ ቀድማኛለች። እኔ ምሳዋን በላ ብዬ ዝም ስል፣ እሷ ስሟን ለሰው አፍ ሰጥታ ተናግራለታለች። ወላሂ፣ ሻይ ቤቷ ደጅ ከዋልኩበት ቀን የበለጠ የቀናሁባት ያን ዕለት ነው።

ቤት ስንገባ ባሌ «ግራና ድረስ ተከትለሽኝ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን በሩን አላንኳኳሽም?»

«እሷ ብትከፍትልኝስ?» አልኩት።

ለጥቂት ወር ከቤት አልጠፋም። ከዚያ በኒካህ ሊያገባት እንደሚፈልግ ሽማግሌ ላከብኝ። እኔ ሁለተኛ ተብዬ አልኖርም አልኩና በሰላም ተፋታን። ወልድያ ገብቼ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪነት ተቀጠርኩ፤ ወረቀት ማንበብ መቻሌ ጠቀመኝ።

የዚያ ሹፌር ጉዳይ የታየው እዚያው ወልድያ ነው። ሲፈረድበት እኔም ነበርኩ። የሟቹ ሚስት ከአዳራሹ ሲወጡ አወቁኝ፤ ትከሻዬን ሳሙኝ። «እውነተኛውን ያስያዝሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። አላህ በጀነት ይካስሽ፣ ልጄ።»

አሚን አልኩ። ሦስት ቀን ዝም ማለቴን አልነገርኳቸውም። ዛሬ በሕይወት የሉም።