ጓሮ የቀበርኩት ቆጮ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ባሕር አላቋረጥኩም፤ ከሆሳዕና ደብረ ማርቆስ ለመማር ነው የመጣሁት። ግን ከኋላዬ ለምትመጡ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

ልሄድ ስል በዋዜማው ማታ እናቴ ልብሴን እያጣጠፈች አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ፤ መምህር ላምቤቦን እንዳላሳፍራቸው። መምህር ላምቤቦ የሠፈራችን ሰው ናቸው። ደብረ ማርቆስ ሲመደቡ ማንንም ስለማያውቁ እማማ ጥሩወርቅ ግቢ አንድ ክፍል ተከራዩ። ቀጥሎ እሳቸው አንዲት የአገራችን ነርስ አመጡ፤ ነርሷ ደግሞ አንድ የግብርና ባለሙያ። እኔ ሌላ ቦታ ቤት ስጠይቅ "ማን ያውቅሃል?" እያሉ መለሱኝ። እማማ ጥሩወርቅ ግን "የመምህር አገር ልጅ ነህ?" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ብርዱ ከእኛ አገር ይብሳል። የጤፉ እንጀራ ግን ያለ ወጥም ይበላል። ቢሆንም ከእንሰት የምንጋግረው ቆጮ ናፈቀኝ። እናቴ ሊጡን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በሰው በሰው ላከችልኝ። እማማ ጥሩወርቅ ሽታው ከብዷቸው ክፍልህ ውስጥ ምን ሞተ ብለው ጠየቁኝ። ላስደስታቸው ብዬ እኛ አገር እንደምናስቀምጠው ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት።

በሰው ጓሮ መቅበር እዚህ ምን እንደሚያስጠረጥር አላወቅኩም። በማግስቱ ከኮሌጅ ስመለስ እማማ ጥሩወርቅ ጠበል ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ።

"መተቱ ለማን ነው? ለእኔ ነው ለልጆቼ?"

"ምግብ ነው፣ እማማ።"

"ምግብ የሚቀበረው ሞቶ ነው?"

ዕቃህን አውጣ አሉኝ። የፈራሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ በእኔ ጦስ ሌሎቹም እንዳይባረሩ ነው። መምህር ላምቤቦ ተጠርተው መጡ። ሊጡን በገዛ እጃቸው ቆፍረው አወጡ፤ ነርሷ ጋገረችው፤ እሳቸው ቀድመው በሉ። እማማ ጥሩወርቅ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆዩና፣ የጾም ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ነው ስንላቸው ቆርሰው ቀመሱ። ይኮመጥጣል አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። ያለፈ መሰለኝ።

ከሳምንት በኋላ አዲስ የተመደበች የአገራችን ልጅ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ግቢው ውስጥ ባዶ ክፍል ነበር። መምህር ላምቤቦ ስለ እሷ ሲለምኑ እማማ ጥሩወርቅ መሬት መሬት እያዩ መለሱላቸው።

"መምህር፣ እርስዎን አላማሁም። ያሉትም ይኑሩ። ሌላ ግን አያምጡብኝ።"

መምህር ላምቤቦ ሻንጣውን ተሸክመው ልጅቷን አልጋ ሊይዙላት ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት እናቴ ደውላ ቆጮው አልቆ ከሆነ ሌላ ልላክ ወይ አለችኝ። ስለ ፈተና አወራኋት።

በዚህ ግቢ አንዱ ሌላውን እየጠራ መግባቱ በእኔ አበቃ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን።