ለአስር አለቃው የተነሳሁት ፎቶ

ትናንት ልጄ አዲሱን የግቢ በራችንን በስልኳ ልታነሳ ወጥታ «አባዬ፣ እስቲ በጣትህ ወደ በሩ እያሳየህ ላንሳህ» አለችኝ። ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከተትኩ። ሳቀችብኝ... እሷ ምን ታውቃለች።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አቃቂ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስወጣ ከአጥሩ ጀርባ ቱቦ ውስጥ አንድ ጣቃ አቡጀዲ በጆንያ ተጠቅልሎ አየሁ። እየሮጥኩ ሄጄ ለፖሊስ ጣቢያ አመለከትኩ። ይሸልሙኛል ብዬ ነበር፣ ሞኝ!

አንድ አስር አለቃ አዲሱን የጣቢያውን ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተከተለኝ።

«የት ነው ያለው? በጣትህ አሳየኝ» አለ።

አሳየሁት።

«እንደዛው ሁን... ቀና በል፣ ወደ እኔ እይ።»

ከዚያ በፊት ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ፈገግም አልኩ።

በሳምንቱ ጣቢያ አስጠራኝና ፎቶውን አሳየኝ። እውነቴን ነው፣ አምሮብኛል። ገለበጠውና ባዶውን ጀርባ እያሳየ «እዚህ ታች ፈርም፣ ላንተም አንድ ይታጠብልሃል» አለኝ። ለእናቴ ልልክላት አስቤ ቶሎ ብዬ ፈረምኩ።

ያን ቀን ቤቴ አልገባሁም። ለካ የፋብሪካው ኃላፊ «ሌባው ይያዝ» እያለ አስር አለቃውን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶታል... እሱም ከእኔ የቀረበ ሰው አላገኘም።

ፍርድ ቤት ዳኛው ፎቶውን ገልብጠው ከፊርማዬ በላይ የተጻፈውን አነበቡ። «ተከሳሹ የሰረቀውን ጨርቅ የደበቀበትን ቦታ መርቶ ሲያሳይ» ይላል።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አግኝቼ ያመለከትኩ ሰው ነኝ!»

«ፊርማው ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው... ግን ስፈርም ምንም አልተጻፈበትም ነበር።»

ዳኛው ፎቶውን መልሰው አዩት። «ጭራሽ ይስቃል!» አሉ።

ስድስት ወር ፈረዱብኝ። ሥራዬም በዚያው ቀረ። አስር አለቃው ለምስክርነት ሲቆም ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም።

ልጄ ይሄን ሁሉ አታውቅም። ስልኳን እየዘጋች «ቆይ ግን አባዬ፣ የወጣትነት ፎቶ አንድም የለህም?» አለችኝ።

«አለኝ እንጂ... ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ፣ ከነፈገግታዬ።»