ውሾቹ ያላወቁት አዳኝ

ባለቤቴ ሥዕሉን ከፎርድስበርግ ገበያ ያመጣው በስደት በምንኖርባት ኮዝሞ ሲቲ ያለችው ሱቃችን ግድግዳ ስለተሰነጠቀ ነው። ትልቅ ስለነበር ስንጥቁን እንዳለ ሸፈነው። ሥዕሉ ላይ፣ ጫካ ውስጥ ውሾች አንድ ሰው ላይ ተረባርበዋል፤ ሰውየው ገላው የሰው፣ ራሱ የአጋዘን ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው? አውርደው! የጸሎት ቤት ሰዎች ቢያዩት ምን ይላሉ?» አልኩት።

«ግድግዳው እስኪጠገን ነው፤ ቻይው» አለኝ።

ታሪኩን የነገሩኝ ዳቦ የሚገዙን አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ» ይላቸዋል፤ በዙሉ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። ሥዕሉን በሱቁ የብረት ፍርግርግ አሻግረው አዩትና፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጣሊያን አገር የተሳለ ሥዕል ቅጂ ነው አሉኝ። ተረቱ የጥንት ግሪኮች ነው። አዳኙ አንዲት አምላክ ገላዋን ስትታጠብ ሳያስበው ያያታል፤ እሷም ተቆጥታ አጋዘን ታደርገዋለች።

«ውሾቹስ የማን ናቸው?» አልኳቸው።

«የራሱ ናቸው ልጄ፤ ከቡችላነታቸው ያሳደጋቸው። እኔ ነኝ ሊላቸው ቢሞክር የወጣው የአጋዘን ድምፅ ነው።»

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ። ከታች መንገድ ፉጨትና ጩኸት ሰማሁ። የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ ሊዘረፍ ነው የሚል ወሬ ከተነዛ ሰንብቷል። የብረት በሩን ቆልፌ ከፍሪጁ ጀርባ ተሸሸግኩ። ወዲያው በሩ በድንጋይ ይደበደብ ጀመር። ከሁሉ ያስፈራኝ ድምፃቸውን ማወቄ ነው። አንደኛው ሲጋራ በነጠላ የሚገዛኝ ጎረምሳ ነው፤ አንዷ በየጠዋቱ «ሳውቦና ሲሲ»፣ ሰላም እህቴ ብላ የምትስቅልኝ ፀጉር ሠሪ ናት።

እኔ እኮ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት ስነግድበት የኖርኩት ዙሉ ጠፋኝ። የመጣልኝ የእናቴ ከምባትኛ ብቻ ነው፤ እሱም ድምፅ አልሆነ። ቀና ስል የሥዕሉ ውሾች ፊት ለፊቴ ናቸው።

ያኔ የጎጎን ድምፅ ሰማሁ። ክፍል ውስጥ እንደቆሙ ሁሉ ይቆጧቸዋል፤ አንዱን በስሙ፣ ሌላውን በእናቱ ስም ይጠሩታል። ድብደባው ወዲያው አልቆመም። አንድ ድንጋይ መስኮቱን ሰበረ። ቀስ በቀስ ግን ረገበና ጩኸቱ ወደ ሌላ መንገድ ተሻገረ።

ባለቤቴ ደርሶ ሲጣራ መክፈት አቃተኝ፤ ቁልፉን የጨበጡት ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ። በማግስቱ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ዘመዱ ቤት ተጠጋን። ከወር በኋላ ተመልሰን ከፈትን፤ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም። ፀጉር ሠሪዋ ሳሙና ልትገዛ መጣች፤ አንገቷን እንደደፋች ሰላም አለችኝ። መለስኩላት። ሳሙናውን በፍርግርጉ አቀበልኳት፤ እሷም ቀና ሳትል ሳንቲሙን ቆጥራ ሰጠችኝ።